የሐሙስ ቢላዎች

መጋቢት 29 ቀን 2017፣ ኮምቦልቻ

ደብተሩን የገዛሁት መናኸሪያው አጠገብ ካለች የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ነው። ሻጩ «ለልጅሽ ነው?» አለኝ። ልጅ የለኝም። የሠላሳ ሰባት ዓመት ሴት ለራሷ ደብተር ትገዛለች ብሎ ማሰብ የከበደው መሰለኝና «አዎ፣ አራተኛ ክፍል ነው፣ ሰነፍ ነው» አልኩት። «አይዞሽ፣ ይጎብዛል» ብሎ አንድ እስክሪብቶ መረቀልኝ። በሌለ ልጅ ስንፍና ያተረፍኩት ይህን ነው።

መጻፍ የለመድኩት ጅዳ ነው። ማዳሜ ስልኬን በቀማችኝ ቁጥር ከመጮህ ይሻላል ብዬ እጽፍ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ጻፍኩ። ስመለስ ባሌ የላክሁትን ሁሉ ጨርሶ ጠበቀኝና የሚጨርሰው ሲያጣ ጊዜ እኔን ፈታ። አሁን የምኖረው በወንድሜ በሀምዱ ግቢ፣ ከብረት መቀጥቀጫው ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። እሱ ከመኪና የሞላ ብረት፣ ከባሌስትራ፣ ቢላ ይሠራል። እኔ ወናፍ እነፋለሁ፣ እጀታ እገጥማለሁ፣ ደሴ ወጥቼ እሸጣለሁ። ሰው ሲጠይቀው «እህቴ ታግዘኛለች» ይላል።

በሃያ ዓመት ይበልጠኛል፤ አባታችን ሲሞት ያሳደገኝም እሱ ነው። ስለዚህ ፊት ለፊት «አንቱ» እለዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን «እሱ» ነው። አንድ ቦታ እንኳ እኩል እንሁን።

ሚያዝያ 3

ትእዛዝ መጣ። ሱሩር የሚባል የደሴ፣ የሆጤ ሰፈር ሥጋ ነጋዴ ለዐረፋ አርባ ቢላ ይፈልጋል። ለልኳንዳው ሠራተኞችና ለደንበኞቹ ነው። የቻይናው ቢላ መገጣጠሚያ ላይ ሲደርስ እንደ ጎመን ይታጠፋል አለ። አያቱ ከየመን በጀልባ መምጣታቸውን በየወሬው መሀል ማስገባት ይወዳል፤ ቢላ ሊያዝ ሲመጣም ጀልባዋን ይዟት መጣ።

ሻይ አቀረብኩለት። «የሸዋልን ስድስት ቀን ጾም ይዣለሁ» ብሎ በትሕትና መለሰልኝ። ከግቢያችን በወጣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ማዶ ሻይ ቤት ተቀምጦ ብርጭቆ ሲያማስል አየሁት። ጾሙ የቀጥቃጭ ቤት ጾም ነበር። በእኛ ቢላ የተቆረጠ ሥጋ ይበላሉ፣ በእኛ ብርጭቆ ግን ውሃ አይጠጡም። የቀድሞ አማቴም እንደዚያ ነበረች፤ ከሠርጉ በኋላ የእኔን ብርጭቆ ለብቻው ታስቀምጠው ነበር።

ለሀምዱ ነገርኩት። «ጾሙን ረስቶ ይሆናል» አለ። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ሃምሳ ሰባት ዓመት ኖረ?

ሚያዝያ 6

ከስድስት አራቱ ተሰነጠቁ። ዘይት ውስጥ ሲገቡ «ቲክ» ይላሉ። እያንዳንዷ «ቲክ» የሁለት ሰዓት መዶሻ ናት።

ብረቱን ሰደበ። ባሌስትራውን የሸጠለትን ሰው ሰደበ። በጦርነቱ ጊዜ ከተቃጠለ ከባድ መኪና የወጣ ስለሆነ እሳት አንድ ጊዜ በልቶታል አለ። ከሰሉንም ሰደበ። የቀረነው እኔና ብረት የሚቀጠቀጥበት መስፉ ብቻ ነን።

ሚያዝያ 10

ከዙሁር ሰላት ሲመለስ ደጃፍ ላይ የተደገፈውን የከሰል ጆንያ «አሰላሙ ዐለይኩም» አለው። ጆንያው ዝም አለ። «የዘመኑ ሰው ሰላምታ እንኳ አይመልስም» እያለ ገባ።

ሳቄን አፍኜ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። ጓዳ ስደርስ ግን ሳቁ ጠፋብኝ።

ሚያዝያ 11

አየሁት፤ አውቄ ቆሜ አየሁት። ቢላ ከእሳት የሚወጣበት ቀለም አለው። የበሰለ ቲማቲም ሲመስል ይወጣል። ወደ ብርቱካን ከተሻገረ ብረቱ ውስጡ ይሻክራል፣ ይደርቃል፣ ዘይቱ ይሰነጥቀዋል፤ ባይሰነጠቅም ዕድሜ የለውም። ይህን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ እዚያው ወናፍ ላይ። ዛሬ ብረቱ ብርቱካን ሆኖ፣ አልፎም ቢጫ ሆኖ፣ እሱ አንገቱን እንደ ዶሮ ወዲያና ወዲህ እያዘነበለ ይጠብቃል።

«ዓይንዎን ቢታዩስ?» አልኩት።

«ዓይኔ የአሞራ ነው። ጭሱ ነው።»

ጭሱ አርባ ዓመት ሙሉ ነበረ። እሺ፣ ጭሱ ነው። ወንድ ልጅ ሁልጊዜ ጭስ አለው።

ሚያዝያ 14

ዘዴ አገኘሁ። ቀለሙ ሲደርስ ለራሴ እንደማጉረምረም አድርጌ «ቢስሚላህ» እላለሁ። ሰው ሥራ ሲጀምር የሚለው ነው፣ ማንም አይገረምበትም። ስል፣ ያወጣዋል፤ ይነክረዋል።

ሰባት ሠራን። አንድም «ቲክ» የለም።

«አየሽ፣ ብረቱ ነበር እንጂ» አለኝ። አዲሱ ባሌስትራ የተሻለ ነው አለ። አዲሱ ባሌስትራ ከዚያው ከተቃጠለው መኪና ነው። እጀታዬን ሞረድኩ።

ሚያዝያ 20፣ ደሴ

የመጀመሪያዎቹን አሥራ ስድስት ይዤ ወጣሁ። ሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ነበር፣ ሾፌሩ ግን መንገዱን በዱዓ የሚያየው ይመስላል። በዓይኑ የማይሠራ ሰው ብቻዬን ያለኝ መስሎኝ ነበር፤ አገሩ ሞልቷል።

የሱሩር ሠራተኛ ሙንዚር ቢላውን በአውራ ጣቱ ሞከረ። ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሥጋ ቆራጮች ሁሉ ቢላ ሲያዩ ዐዋቂ መስለው ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። እሱ አልመጠጠም። አንድ ጭን አወረደና መገጣጠሚያውን ፈልጎ በሁለት ምት ለየው። ከዚያ «ይህን አግሎ የነከረው ማን ነው?» አለኝ።

«ወንድሜ ነዋ።»

«እጁን አላህ ይጠብቀው» አለ።

እስከ መናኸሪያ ድረስ ተናድጄ ሄድኩ። በምን እንደተናደድኩ አላውቅም።

ሚያዝያ 28

ሱሩር የሥራውን ሂደት ሊያይ መጣ። ሁለት ነጋዴ ጓደኞቹን ይዞ። ዛሬ ጾመኛ አይደለም፣ የታሸገ ውሃ ይዞ ነው የመጣው።

ቢላዎቹን አመሰገነ። አንዱም አልተመለሰም፣ ምስጢሩ ምንድን ነው አለ። ሀምዱ ደረቱን ነፍቶ የአርባ ዓመት እጅ ነው አለ። እዚያው ወናፉ ሥር ተቀምጫለሁ። ሱሩር ወደ እኔ ጠቆመና «እህትህም ብዙ ትረዳሃለች መሰለኝ» አለው። እዚህ ላይ አንድ ቃል ጠበቅሁ። ብዙ አልጠበቅሁም፤ «ትረዳኛለች» ቢል ይበቃኝ ነበር።

«እሷማ ወናፍ ናት» አለ። «ሥራዋ ነፋስ ነው።»

ሳቁ። ከየመን በጀልባ የመጣው ሳቅ ከሁሉም በለጠ። ሀምዱም አብሮ ሳቀ፤ ደስ እንዲላቸው። ነጋዴ ፊት ሲቆም ወንድሜ አጥንት የለውም።

እኔም ፈገግ አልኩ። የጅዳ ፈገግታ አሁንም ይሠራል።

ሚያዝያ 30፣ ሐሙስ

ጉሮሮዬን አሞኛል። ብዙ አልተነጋገርንም። አሥራ አንድ ቢላ ዘይት ገባ። ሁለቱ «ቲክ» ያሉ መስሎኝ ነበር፤ አልተሰነጠቁም። እንደ ልማዱ እያንዳንዱን እንጨት ላይ ሦስት ሦስት ጊዜ መታው። ሁሉም አለፉ።

ግንቦት 2

የእጀታ ቀንድ አለቀ። ለአሥራ አንዱ የወይራ እጀታ ገጠምኩ። አምረዋል። እንዲያውም ከሁሉም ያማሩት እነሱ ናቸው።

ሀምዱ ዛሬ ሁለት ጊዜ «ጉሮሮሽ እንዴት ነው?» አለኝ። ተሻለኝ አልኩት። ስለ ጉሮሮዬ ማን ነገረው? እኔ አልነገርኩትም።

ግንቦት 5

የቀሩትን ሃያ አራት ደሴ አደረስኩ። አሥራ ሦስት ባለ ቀንድ፣ አሥራ አንድ ባለ ወይራ። ሱሩር የወይራዎቹን ውበት አይቶ ለብቻ አስቀመጣቸው፣ ለከበሩ ደንበኞች ነው አለ። ሙንዚር አንዱን ለራሱ ለመነው። ሰጠው።

«ይኸኛውን ተወው፣ የቀንዱ ይሻልሃል» ልለው ነበር። የሚሻልበትን ምክንያት ቢጠይቀኝ ምን ልመልስለት ነው? ደግሞስ ሦስት ሦስት ጊዜ ተመትተው አልፈዋል። እንጨቱ መስክሯል።

ግንቦት 11

ተሰበረ።

ግንቦት 12፣ ደሴ

ሙንዚር በሬ ሲበልት ነው። ቢላውን መገጣጠሚያ ውስጥ አስገብቶ ጠመም ሲያደርገው ከመሀሉ ተሰበረና የራሱ ኃይል ቀኝ እጁን በስብርባሪው ላይ ጫነው። የመዳፉ ጅማት ተቆርጧል። ሰፍተውታል። ሐኪሙ ሁለቱ ጣቶች መታጠፋቸውን እንጃ ብሏል።

ሆስፒታሉ በር ላይ የሱሩር ጓደኞች ቆመው ነበር። አንዱ እንድሰማው ጮክ ብሎ «ከቀጥቃጭ ምን ይጠበቃል፣ ቁርጥራጭ ሰብስቦ ነው የሚሠራው» አለ። ያን ዕለት ከሱሩር ጋር መጥቶ ሲስቅ የነበረው ነው። ልመልስለት ዞርኩ። አፌ ላይ የደረሰውን ስድብ ከዚህ በፊት ለማንም አውጥቼው አላውቅም። አላወጣሁትም። ስድቡ ያማረ ነበር፣ እኔ ግን የማወጣበት ቦታ ላይ አልነበርኩም።

ከተቃጠለ መኪና የወጣ ብረት ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። ጉሮሮዬንም አሞኝ ነበር።

ግንቦት 13

ጉሮሮዬን አሞኝ ነበር። ጽፌዋለሁ፣ ሚያዝያ 30 ላይ አለ።

ግንቦት 16

ሽምግልና። ሱሩር ቤት፣ ሆጤ። ሼህ ዘካሪያ በመካከል ተቀመጡ። እኔ ከሴቶቹ ጋር፣ ከመጋረጃው ወዲህ።

ሱሩር ብዙ ተናገረ። ስሙ መጉደፉን፣ ደንበኛ መሸሹን፣ የአያቱን ጀልባ። ሙንዚር ሐኪም ቤት ተኝቶ ስለ ስሙ የሚያወራ ሰው አየሁ። ከዚያ ሀምዱ እንዲናገር ተፈቀደለት። ብረቱን ይሰድባል ብዬ ጠብቄ ነበር። ከሰሉን፣ ሻጩን። ለእያንዳንዱ ስድብ መልስ አዘጋጅቼ፣ በልቤ እንደማዋርደው ተዘጋጅቼ ተቀምጬ ነበር።

ተነሥቶ ቆመ። ሼሁ ወዳልተቀመጡበት አቅጣጫ ዞሮ ነው የተናገረው።

«ዓይኔ ደክሟል፣ ዓመት አልፎታል። እያወቅሁ ሠርቻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የብረትም የሰውም አይደለም። ለልጁ የሚባለውን ሁሉ እፈጽማለሁ። ከዛሬ ወዲያም እሳት አላነድም።»

ማንም አልጠበቀውም። ሱሩር እንኳ ጀልባዋን አቆማት። ሼህ ዘካሪያ ዱዓ አደረጉ። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጬ መሬቱን አያለሁ።

የሙንዚር እናት ረውዳ አጠገቤ ነበረች። እጄን ያዘችኝ። «አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ አንቺ ምን ታደርጊ ነበር» አለችኝ።

ምን አደርግ ነበር።

ግንቦት 17

ወናፉን ከግድግዳው አንሥቶ በጆንያ ጠቀለለው። አልረዳሁትም። ከቋጠሮው ጋር ብዙ ታገለ።

ግንቦት 18

«ዝምታ ወርቅ ነው» ያለው ሰውዬ ቢላ ሠርቶ አያውቅም።

ግንቦት 19

አንድ ሰው ሰብሮ ሌላው ሰው ጥፋቱን ሲወስድለት ከዚህኛው ወገን ሆኖ ማየት ለእኔ አዲስ ነው። ጅዳ ውስጥ የማዳሜ ልጅ የሰበረችውን ሁሉ እኔ ነበርኩ የምወስደው። ያቺን ልጅ ዘጠኝ ዓመት ናቅኋት። ሶፋው ላይ ተጋድማ ጥፍሯን እየቀባች ስሰደብ ታየኝ ነበር። አንድ ቃል ብትናገር ምን ይጎድልባታል እያልኩ ነበር የምጽፈው። አሁን የሶፋውን ምቾት አውቄዋለሁ።

አሥር ቀሩ። አሥራ አንድ ነበሩ፣ አንዱ ተሰበረ፣ አሥሩ ደሴ ውስጥ በየቤቱ አሉ። ዐረፋ ዐሥር ቀን ቀረው። ያን ዕለት አገሩ ሁሉ ቢላ ይይዛል። የትኛዎቹ የሐሙስ እንደሆኑ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ግንቦት 21

ከዐስር ሰላት በኋላ ለሀምዱ ነገርኩት። ቀዝቃዛው ምድጃ አጠገብ ዝቅተኛ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዓይኑን በማየት ፈንታ ወናፉን የጠቀለለበትን ጆንያ እያየሁ ነው የተናገርኩት። ቀለሙን ከሚያዝያ ጀምሮ እኔ እንደማይ፣ ቢስሚላህ ምልክት እንደነበረ፣ ሱሩር ፊት ባለው ነገር ተናድጄ ሐሙስ ዕለት አውቄ ዝም እንዳልኩ። ብረቱ ሲያልፍ እያየሁ፤ አሥራ አንድ ጊዜ። ጉሮሮዬን ምንም አላመመኝም ነበር።

ከዚያ «አውቃለሁ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ቢስሚላህሽን ነበር የምሠራበት። መጀመሪያ ቀን ነው የገባኝ። ሐሙስ ዕለት ጠበቅሁት፣ ቀረ። ብረቱ ማለፉን ሙቀቱ ፊቴ ላይ ነገረኝ። ‹በይ እንጂ› ልልሽ አፌን ከፈትኩ፣ አፈርኩ። ነከርኩት።»

«አሥራ አንዱንም?»

«አሥራ አንዱንም።»

«ታዲያ ለምን አስረከቡኝ?»

«አንቺስ ለምን ወሰድሽ?»

አባታችን ሁለት ግትር ልጆች ወልዶ ሞተ፣ የሰው ልጅ እጁን አጣ። ይህን ጮክ ብዬ አልኩት። ሀምዱ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ስለ አሥሩ ነገርኩት። የወይራ እጀታ ያላቸው ሁሉ ናቸው አልኩ። ከዱካው ተነሥቶ ኮቱን በዳበሳ መፈለግ ጀመረ። ዛሬ መሽቷል፣ ነገ አልኩት። «ነገ ሱብሒ ሰግደን» አለኝ። «አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አለኝ ደግሞ፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ። ወናፍ ስላለኝ ነው። እኔም አውፍ በሉኝ አልኩት። ሁለታችንም አልተቃቀፍንም፣ እንዲያ አይደለንም።

ግንቦት 22፣ ደሴ

ሱሩር መጀመሪያ አልገባውም። ከገባው በኋላ ቢላውን ሰብስቡ ማለት ስሙን ሁለተኛ ማጉደፍ ነው አለ። የከበሩ ደንበኞቼን ስም አልናገርም አለ። ሀምዱ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ተቀመጠ። «ለምንድን ነው የመጣኸው?» ላለው ሁሉ ሳይደብቅ ይነግራል። ቀትር ሳይደርስ ሱሩር ስሞቹን በወረቀት ጻፈልን።

ስድስት አገኘን።

ግንቦት 24

ሦስት። የአንዱ ባለቤት ቧንቧ ውሃ ሰፈር የምትኖር ዐሊማ የምትባል ሀብታም ሴት ናት። ቢላው ምንም አልሆነም፣ እንዲያውም እጀታውን ወድጄዋለሁ ብላ እንቢ አለች። ቀጥቃጮች ምቀኛ ናቸው፣ የተሻለ ዋጋ የሚሰጥ ሰው መጥቶላቸው ይሆናል አለች ለሠራተኛዋ፣ እኛ ቆመን እየሰማን። ሀምዱ አንድ ጊዜ ብቻ እጄ ላይ ያድርጉት ብሎ ለመናት። ደረጃው ጫፍ ላይ አስደግፎ በተረከዙ ጫነው። እንደ ደረቅ ዳቦ ተሰበረ። ስብራቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ለእሷ ዘረጋላት። ውስጡ እንደ ስኳር ያብለጨልጫል።

ሴትዮዋ ረጅም ጊዜ አየችው። «ልጄ ነበር የሚያርደው» አለች። ውሃ አስመጣችልን፣ በራሷ ብርጭቆ። ስለ እሷ ሌላ ነገር ልጽፍ ደብተሩን ከፍቼ ነበር። ተውኩት።

ግንቦት 28፣ ቢስቲማ

አሥረኛው። ሱሩር ለእንግዳ ሸጦት፣ እንግዳው ወደዚህ ወደ ወረባቦ ወስዶት ነው። የዐረፋን ጾም ይዘን በሚኒባስ ሄድን። ሀምዱን ክንዱን ይዤ ስመራው ሰው ያየናል። ከዚህ በፊት ቢሆን እጁን ይነጥቀኝ ነበር።

ባለ ቢላው ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ከገበያ ዳር አገኘናቸው፣ የነገውን በግ ጎትተው ወደ ቤት ሊሄዱ ነበር። ታሪኩን ሰምተው ሲጨርሱ ቢላውን ከወገባቸው አወጡ። «ይኸው» አሉ። ምንም አልጠየቁም፣ ምንም አልተሳደቡም። ሀምዱ ለራሱ ያስቀረውን ባለ ቀንድ እጀታ ቢላ በምትኩ ሰጣቸው። በሚያዝያ አጋማሽ፣ በቢስሚላህ የተሠራ።

«ከኮምቦልቻ እዚህ ድረስ ለአንድ ቢላ?» አሉ። ከዚያ «ለሰው ልጅ ነው» ብለው ራሳቸው መለሱ።

ስንመለስ ሀምዱ ተኛ። ከሐይቅ ከተማ ጀምሮ ራሱ ትከሻዬ ላይ ነበር። ዓይኑን ለመታየት ተስማምቷል፣ ከበዓል በኋላ። ያማከርኳቸው ሐኪሞች የዓይኑ ሞራ ይነሣል ብለውኛል። ስንት ወር ቀድሜ መጠየቅ እችል ነበር።

ሰኔ 3፣ ቧንቧ ውሃ

ሙንዚር ዘንድ ሄድኩ። ሀምዱ አብሬሽ ልምጣ አለኝ፣ እንቢ አልኩት። የእሱን ጥፋት ተናግሯል፣ ይህኛው የኔ ነው።

ረውዳ ሳቅ ብላ ተቀበለችኝ። የዐረፋ ሥጋ አቀረበች፤ በትልቅ ትሪ። ሙንዚር ቀኝ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አስቀምጧል። በግራ መብላት አልፈለገም፣ እናቱ ታጎርሰዋለች። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ሲጎርስ ወደ ግድግዳው ይዞራል።

ሁሉንም ነገርኩት፤ ከጆንያው እስከ ሐሙስ። ረውዳ ጉርሻውን መሀል ላይ ይዛ ቀረች። ከዚያ ወደ ትሪው መለሰችው።

ሙንዚር ፊቱን ከግድግዳው መለሰ።

«ቀደር ነው ብዬ ተኝቼ ነበር» አለኝ፣ ድምፁን ሳያነሣ። «ሐኪም ቤት የተኛሁት፣ ዱዓ ያደረግሁት፣ ወንድምሽን አውፍ ያልኩት፣ ሁሉንም ቀደር ነው ብዬ ነው። አላህ የጻፈው ነው ብዬ። አሁን መጥተሽ የሰው ሥራ አደረግሽብኝ።»

«ባልነግርህ ይሻልህ ነበር?»

አሰበ። እውነቱን ነው፣ አሰበ። «እንጃ» አለ። «ያን ዕለት ሱሩርን ቢላውን ስለምነው፣ ሲሰጠኝ፣ አንቺ እዚያ ቆመሽ ነበር። ፊትሽን አስታውሰዋለሁ። ደክሟት ነው ብዬ ነበር።»

አውፍ በለኝ አልኩት። ዛሬ አልችልም አለ። ነገም የምችል አይመስለኝም አለ። የምችል ከሆነ ሰው እልካለሁ፣ ካልላክሁ እንዳትመጪ አለ። እሺ አልኩት።

ረውዳ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ሽኝት አይሉትም፣ በሩን ልትዘጋ ነው የመጣችው። እጄን አልያዘችኝም።

ወደ ኮምቦልቻ ስመለስ ከፊቴ የተቀመጠ ሰውዬ ስለ ሦስት ቤቱና ስለ ሁለት መኪናው ሐረጎን ወርደን እስክንጨርስ ለፈለፈ። ጣቱ ላይ የብር ቀለበት ደርድሯል፣ ሲናገር ያወዛውዛቸዋል። ተሳፋሪው ሁሉ በጎን እየተያየ ይሳሳቃል። አጠገቤ ያለችው ልጅ እንድስቅላት ጎኔን ነካ አደረገችኝ።

ሰውዬው ጣቶቹን ሲያጥፍና ሲዘረጋ አየሁ። አምስቱም ይታጠፋሉ።